ሦስቱንም ሳተ

ኮሶ ገደል መንደር ውስጥ ወደ ሰማይ መተኮስ አያስነውርም። ለቅሶ ላይ ይተኮሳል፣ ጥምቀት ላይ ይተኮሳል፣ ልጁ ማትሪክ ሲያልፍ የተኮሰም አባት አለ። ሰማይን የሳተ ሰው እስካሁን ስላልተገኘ ማንም በማንም ፊት አያፍርም። ዒላማ ላይ መተኮስ ግን ሌላ ነገር ነው። ዒላማ ተክሎ የሚለማመድ ሰው ጎረምሶቹ «አትችልም ማለት ነው?» ይሉታል። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ዱላቸውን ተደግፈው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለማን ነው የምትዘጋጀው?» ይሉታል።

ደም ባለበት ቤት ይህ የሽማግሌዎቹ ጥያቄ ቀልድ አይደለም። ደርቤ ቤት ደግሞ ደም አለ።

ኮሶ ገደል ከዳባት ወደ ደባርቅ ሲወጣ አስፋልቱን ለቆ በቀኝ በኩል የሚገኝ መንደር ነው። መሀሉን ገደል ሰንጥቆታል። ወዲህ ማዶ የደርቤ ዘመዶች አሉ፣ ወዲያ ማዶ የምሥጋናው። የደርቤ አባት በአንዲት የድንበር ቦይ ሰበብ የምሥጋናውን አባት ገደሉ፣ ታሰሩ፣ ተፈቱ፣ በአልጋቸው ላይ ሞቱ። ዕዳው ለደርቤ ወረደ። ያኔ ምሥጋናው ገና ልጅ ነበርና ሽማግሌ ገባ፣ ካሣው ተከፈለ፣ ሁለቱም ወገን ኪዳነ ምሕረት ደጅ መስቀል መትተው ማሉ። መሐላውን ያስማሉት መምሬ ተክለ ማርያም አንድ ቃል ጨመሩበት፦ «ዒላማ ተክሎ የተለማመደ፣ ደም የፈለገ ይሁን።»

ከዚያ ወዲህ በሁለቱም ቤት ያሉት ጠብመንጃዎች ዘይት እየጠጡ ኖሩ። የባለቤቶቹን እጅ ግን ዘይት የቀባው የለም።

ደርቤ የእህል ነጋዴ ነው። በሊማሊሞ የምትወርድ አንዲት አይሱዙ አለችው፤ ሆዱም ከእሱ ቀድሞ በር ይገባል። በአካባቢው የሚታወቀው ግን በእህሉ ሳይሆን በቁራው ነው። የዛሬ ስንት ዓመት በአጎቱ ቀብር ላይ እንደ ሌላው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ላይ ተኮሰ። አንድ ቁራ ከደመናው ወርዶ ሬሳው አጠገብ ዱብ አለ። አልቃሾቹ ሙሾ ረሱ። ከቁራው ቀጥሎ በጣም የደነገጠው ራሱ ደርቤ ነበር፤ ድንጋጤው ግን ፊቱ ላይ እንደ ኩራት ስለሚታይ ማንም አላወቀበትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «ቁራ አውርድ» ሆነ። የምሥጋናው አጎቶች ገበያ ላይ ሲያዩት ቀድመው ሰላም ማለት ጀመሩ። እውነቱን ለመናገር፣ ደርቤን ከኪዳነ ምሕረት መሐላ ይልቅ ያ የሞተ ቁራ ነው ሲጠብቀው የኖረ።

ስለዚህ ደርቤ በዚህ ዓለም ከምንም በላይ አንድ ነገር ይፈራል፤ ሰው እያየው መሳትን። አንዴ ከሳተ ቁራው ሞተ። ቁራው ከሞተ ደግሞ ማን ምን ይከለከላል?

ዘንድሮ በበጋ ምሥጋናው ተመለሰ። ለዓመታት ቆላ ወርዶ የሰሊጥ እርሻ ሲጠብቅ ነበር የከረመው። ቁመቱ ረዝሟል፣ ንግግሩ አጥሯል። የአባቱን አሮጌ ምንሽር በትከሻው እንዳንጠለጠለ ነው የመጣው። ቆላ ላይ ተኩስ ሰምቶ «ለማን ነው?» የሚል ሽማግሌ የለም፤ ይህን ግን ያኔ ማንም አላሰበውም። ምሥጋናው ጨዋ ሆኖ ነበር የመጣው። ደርቤን ባገኘው ቁጥር ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ ይላል።

«ጋሽ ደርቤ፣ እንዴት አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እጅዎ ደህና ነው?»

ሰው የሰው ቤተሰብ ይጠይቃል፣ ከብት ይጠይቃል፣ ዝናብ ይጠይቃል። እጅ የሚጠይቅ ሰው ግን ደርቤ አጋጥሞት አያውቅም። ቤቱ ሲገባ እጁን ገልብጦ ያያል።

ነገሩ የከፋው የሠርጉ ቀን ሲቆረጥ ነው። የደርቤ ልጅ ፍቅረ ሥላሴ ደባርቅ ከተማ መምህር ነው። የሚያገባት ሕሊና የአቶ ገዱ ልጅ ናት፤ የገዱ ሚስት ደግሞ ለምሥጋናው አክስቱ ናት። እንግዲህ በዚያ አገር ሙሽራ ሊወስድ የመጣ ወገን ዝም ብሎ አይገባም። የሴቷ ወገን ከበሩ ፊት ለፊት ካለ ዛፍ ላይ አመድ የሞላች ትንሽ ቅል ያንጠለጥላል። ከወንዱ ወገን አንዱ ተኩሶ ቅሏን ሲመታ አመዱ ይቦናል፣ እልል ይባላል፣ በሩ ይከፈታል። ከሳቱ አማቾች ደጅ ላይ ቁጭ ብለው ይሰደባሉ፤ ስድቡም ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ቁራ አውርድን የመሰለ ሰው በቤቱ እያለ ሌላ ሰው ተኩስ ማለት እንግዲህ የማይታሰብ ነው።

«ክንዴን አሞኛል እላለሁ» አለ ደርቤ ለሚስቱ ለየትናየት።

«በል፤ አስገድደው ያስተኩሱህና በታመመ ክንዱ ተኮሰ ብለው ይብስ ያገንኑሃል።»

«እና ምን ላድርግ? አንቺ ምን ትያለሽ?»

«እኔ ምን እላለሁ! ጓሮ የገባች ዶሮ ላይ ድንጋይ ስትወረውር እኔን እየመታህ ነው የኖርነው። ዶሮዋ ፊት ለፊትህ፣ እኔ በግራህ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ከዚህ ንግግር ስለ እጁ አንድ ነገር ይማር ነበር።

«እኮ!» አለ ደርቤ። «መሣሪያው ነው መለወጥ ያለበት።»

ደባርቅ ላይ ያርጋል የሚባል ደላላ አለ። ከበቅሎ እስከ ቴሌቪዥን የማያገናኘው ነገር የለም። ደርቤን ከአንድ ሻይ ቤት ጀርባ ወስዶ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ጠብመንጃ ገለጠለት። ከላዩ መነጽር ተገጥሞለታል።

«ጋሽ ደርቤ፣ ይሄ ጠብመንጃ አይደለም፤ ስማርት ፎን በሉት። እዚህ መስታወቱ ውስጥ መስቀል አለች፣ ይዩዋት። መስቀሏን ነገሩ ላይ ያሳርፏታል፣ ነካ ያደርጋሉ፣ አለቀ!»

«እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰውስ ቢሆን?»

«ማን? እርስዎ?»

«የለም፣ ለምሳሌ ነው።»

«ለምሳሌ የሆነው ሰው ምንም አይጨነቅ» አለ ያርጋል። «ይሄ መሣሪያ እጅ አይፈልግም።»

ደርቤ ዕድሜውን ሙሉ ሲፈልገው የኖረውን ቃል ነበር የሰማው። ጠብመንጃውን መልሶ በብርድ ልብስ ጠቀለለና አይሱዙዋ ላይ አስጫነው። ሊሞክረው አልሞከረም። መሐላ አለበት፣ ገደሉ ደግሞ የአንዲትን ጥይት ድምፅ እየተቀባበለ እስከ መምሬ ደጅ ያደርሳል። መለማመድ የማይፈልግ መሣሪያ የገዛበትም ምክንያት ይኸው ነበር።

የሠርጉ ዕለት ገዱ ደጅ የተሰበሰበው ሰው ብዛት ያስፈራ ነበር። ቅሏ ትልቅ ባሕር ዛፍ ላይ ተንጠልጥላለች። ሽማግሌዎቹ በዳሱ አፍ ላይ ተደርድረዋል፤ መሀል ላይ መምሬ ተክለ ማርያም፣ ከጎናቸው የደሙ ዋስ የሆኑት አቶ ዋሴ። ምሥጋናው ከሴቷ ወገን ጋር ቆሟል። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚያየው ቅሏን አይደለም፤ የሚያየው የደርቤን ጣቶች ነው።

ደርቤ ብርድ ልብሱን ሲገልጥ ሕዝቡ አጉረመረመ። መምሬ መነጽሩን አይተው ጠርጠር አሉ።

«ምንድን ነው ይኼ በላዩ ያለው?»

«መነጽር ነው መምሬ። ውስጡ መስቀል አለው።»

መምሬ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በሌላው አዩ። መስቀሏን ሲያዩ አማተቡና ወደ ቦታቸው ተመለሱ፤ መስቀል ያለበትን ነገር እንዴት ይንቀፉት?

ደርቤ ሰደፉን ትከሻው ላይ ደገፈ። መስቀሏ እንደ ሰከረች ዝንብ ቅሏን ትዞራታለች። ላቡ ቅንድቡን አልፎ ዓይኑ ገባ። አንድ ጊዜ ቅሏ ላይ ስታልፍ አገኛትና፣ እንዳታመልጠው ቃታውን መነጨቀ።

አመዱ ቦነነ።

እልልታው ገደሉን ሞላው። አንዱ አዝማሪ ሳይጠሩት ከመሀል ገባ፦

«ቁራን ከደመናው አውርዶ የጣለ፣
ዛሬም ቅሏን መታት፣ እጁ መቼ ዛለ!»

እንዴት መታት? ብርድ ልብሱ ውስጥ የነበረው ጠብመንጃ ከደባርቅ ሲመጣ አንድ ወዛደር የባቄላ ጆንያ ጭኖበት ነበር። መነጽሩ ወደ ቀኝ ዞሯል። የደርቤ እጅ ደግሞ ቃታ ሲመነጭቅ ወደ ግራ ይጎትታል፤ የትናየት ስንት ጊዜ በድንጋይ ተመትታ የመሰከረችው ነው። የመሣሪያው ጥመትና የሰውየው ጥመት በዚያች ቅጽበት፣ ቅሏ ላይ፣ ተገናኝተው ተቃቀፉ። በዓለም ላይ ብዙ ዝና የሚሠራው እንዲህ ነው።

ደርቤ ይህን አላወቀም። እልልታውን እየጠጣ ዞረ። ያን ጊዜ ነው ያየው፤ ሽማግሌዎቹ አላጨበጨቡም።

«ደርቤ» አሉ መምሬ ቀስ ብለው። «የት ተለማመድህ?»

«ኧረ መምሬ! ምን ተለማምጄ?»

«ቁራው ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ከሰማይ በቀር የተኮስህበት የለም። ዘንድሮ ልጁ ከቆላ ሲመጣ አዲስ መሣሪያ ገዛህ፣ በመጀመሪያ ጥይት ቅሏን አፈረስህ። እኔ አስማልሁህ፤ እኔ ነኝ የምጠየቅ።»

«በኪዳነ ምሕረት፣ ዒላማ ተለማምጄ አላውቅም!»

«ታዲያ ምን መታት?» አሉ አቶ ዋሴ።

ደርቤ ዙሪያውን አየ። እጄ ነው ቢል መሐላ ሰበርህ ሊሉት ነው። ዕድል ነው ቢል ቁራው ይሞታል። መውጫው አንድ ብቻ መሰለው።

«መሣሪያው ነው» አለ። «ይሄ መሣሪያ እጅ አይፈልግም።»

ያን ጊዜ ምሥጋናው ባርኔጣውን አወለቀ። «መሣሪያው ከሆነ ለማየት ቀላል ነው፣ አባቶቼ» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «ነገ ሌላ ቅል ይሰቀልና፣ በእናንተ ፊት፣ እኔ ልሞክረው። ለእኔም ከመታልኝ ጋሽ ደርቤ እውነታቸውን ነው።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ፍርድ እንደዚህ ተቆርጦና ተሰፍቶ ሲመጣላቸው ደስ ይላቸዋል። «በሥላሴ ስም ሦስት ጥይት» አሉ መምሬ። ሠርጉ ቀጠለ፣ ሙሽሮቹ ተዳሩ፣ ሥጋው ተበላ። ደርቤ ግን የጎረሰውን አላስታወሰም። የትናየት ከጎኑ ተቀምጣ፣ «ምነው አፍህን በዘጋህ» ትለዋለች ፈገግ እያለች፣ ሰው እያያት ስለሆነ።

በማግሥቱ ቁርስ ከተበላ በኋላ ሁሉም ያው ዛፍ ፊት ቆሙ። አዲሷ ቅል ነፋስ እያወዛወዛት ነው። ምሥጋናው ጠብመንጃውን በሁለት እጁ ተቀበለ፣ እንደ ሕፃን። መዘነው። መነጽሩን ነካ አድርጎ ተወው። ሰደፉን ከጉንጩ ጋር ሲያገናኝ ትንፋሹ የቆመ መሰለ፤ ከሰውነቱ ውስጥ የሚንቀሳቀስ አንዳች ነገር አልነበረም፣ ጣቱ እንኳ መቼ እንደ ሄደች አልታየችም።

ተኮሰ። ቅሏ እንደ ነበረች ናት።

ከሴቷ ወገን ሳቅ አመለጠ። ምሥጋናው ቀለሃውን አውጥቶ ኪሱ ከተተ። ዛፉን ረጋ ብሎ ለአፍታ አየ። ከዚያ ሁለተኛውን ተኮሰ። ሦስተኛውን ተኮሰ። ቅሏ ነፋሷን እየበላች ተንጠለጠለች።

«ኧረ ቆላ ላይ ሰሊጡን በምን ነበር የምትጠብቀው? በጸሎት?» አለ አንዱ፤ ሁሉም አውካኩ። ምሥጋናውም አብሯቸው ሳቀ።

ደርቤ አልሳቀም። ከሁሉም ቀድሞ ወደ ዛፉ ሄደ። ከቅሏ በስተቀኝ፣ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ብሎ፣ ልጡ ላይ አንድ ቀዳዳ አገኘ። የቀሩትን ሁለት ፈለገ። ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፣ ዛፉን ዞረ፣ አጣቸው። ተመልሶ ያችኑ ቀዳዳ በጣቱ ዳበሳት። ጠርዟ ክብ አልነበረም። ሦስት ጊዜ የተገመጠ ዳቦ ትመስላለች። አውራ ጣቱን ቢያስቀምጥባት ሙሉ በሙሉ ሸፈናት።

ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ አንድ ባንድ መጣለት። መነጽሩ ወደ ቀኝ ዞሯል። ስለዚህ ትናንት ከቅሏ ያገናኘው የገዛ እጁ ወደ ግራ መሳቱ ነው። ይህ ሰው ግን አልሳተም። ጥይቱን ያስቀመጠው ልክ መሣሪያው በወሰደበት ነው። የመጀመሪያውን ካየ በኋላ ወደ ግራ አስተካክሎ ቅሏን ማፍረስ ይችል ነበር። አላደረገውም። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሆን ብሎ እዚያችው ቀዳዳ ውስጥ ከተታቸው፤ አንድ ሰው ብቻ እንዲያነባት፣ ከሕዝቡ ሁሉ መካከል።

መምሬ ዱላቸውን እየተደገፉ ደረሱ።

«መምሬ፣ ይዩት እስቲ» አለ ደርቤ። «ሦስቱም አንድ ጉድጓድ ነው የገቡት!»

መምሬ ጎንበስ ብለው አዩ። «አየሁ ልጄ። ሦስቱንም ሳተ።»

«መሳቱን አይደለም የምለው! እንዲህ አድርጎ ለመሳት ስንት ዓመት መለማመድ ይጠይቃል! መሐላውን የሰበረው እሱ ነው!»

አቶ ዋሴ እስኪያስላቸው ሳቁ። «መሳትም ልምምድ ይፈልጋል እንዴ? ታዲያ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያለ ልምምድ እንዴት ተሳካልኝ?»

«አባቴ፣ አይሳቁ፣ ይስሙኝ…»

«አንተ ስማን» አሉ መምሬ። «ቅሏን የመታኸው አንተ አልተለማመድሁም ትላለህ፣ ቅሏን ሦስት ጊዜ የሳታት ተለማምዷል ትለናለህ። አንድ ስህተት ሦስት ጊዜ የሚደግም ሰው ምን ተማረ ይባላል? መሣሪያው ነው አልህ፣ መሣሪያው ለሱ እንቢ አለ። መሣሪያው ካልሆነ ሰውየው ነው። ሰውየው ከሆነ ደግሞ ልምምድ ነው። ሌላ መንገድ ካለ ንገረን።»

ሌላ መንገድ ነበረ። «እጄ ወደ ግራ ይስታል፣ ተኩሼ መምታት አልችልም፣ ቁራውንም ዓይኔን ጨፍኜ ነው የገደልሁት» ማለት ብቻ ነበር። ይህን ቢል ከመሐላ ሰባሪነት ይነጻል። ቃሉ ጉሮሮው ድረስ መጣ። ቀና ሲል ምሥጋናው ጥቂት ራቅ ብሎ ቆሟል፤ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደ ተማሪ፣ መልሱን ለመስማት በትሕትና እየጠበቀ ነው። ከኋላው ትናንት እልል ያሉለት ሴቶች ቆመዋል። አዝማሪውም ከነማሲንቆው አለ።

ደርቤ ቃሉን ዋጠው።

«ዝም አለ» አሉ አቶ ዋሴ።

«ዝም አለ» አሉ መምሬም። ከዚያ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው አራገፉ፣ አመድ እንደ ነካው ሰው። «እንግዲህ እኛ ከዚህ ደም እጃችንን አንሥተናል። ዋስም የለ፣ ግዝትም የለ። እግዚአብሔር ይሁናችሁ።»

ሰዉ ወደ ዳሱ ተመለሰ፤ ከትናንት የተረፈ ጠላ ነበር። ምሥጋናው ጠብመንጃውን ይዞ መጣ። አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጁ አስረከበው።

«ጋሽ ደርቤ፣ መነጽሩ ወደ ቀኝ ይወስዳል» አለ በሹክሹክታ። «ያሰሩት። ለልምምድ ያስቸግርዎታል።»

ባርኔጣውን አጥልቆ ወደ ገደሉ ማዶ ወረደ።

ከዚያ በኋላ ደርቤ እህል መሸጥ ተወ። ገበያ ቢሄድ በግድግዳ ጥግ ነው የሚሄድ፤ ማዶ የበቅሎ ኮቴ ከተሰማ ቤት ይገባል። አንድ ሳምንት እንደዚህ ከቆየ በኋላ ጠብመንጃውን አነሣ።

«ወዴት ነው?» አለች የትናየት።

«ልለማመድ።»

«ሰው ሁሉ ይሰማል እኮ!»

«ይስማ! ተለማመደ ብለው የለ? የተፈረደበት ሰው ቢያንስ ጥፋቱን መሥራት አለበት።»

«ዛሬ ነው መለማመድ? ሳያስፈልግህ ስንት ዓመት ተኝተህ?»

አንድ ጆንያ ጠቅልሎ ወጣ።

ከቤቱ በላይ፣ የገደሉ አፍ ላይ፣ አንድ የድንጋይ ካብ አለ። ቢጫ የዘይት ጀሪካን ካቡ ላይ አቆመና ራቅ ብሎ ጆንያ ላይ ተኛ። ያርጋልን አስጠርቶ መነጽሩን አሳስሮታል፤ መሣሪያው አሁን ቀና ነው። ጠማማው አንድ ብቻ ቀርቷል። የመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ጥይት በግራ በኩል አሳለፈው። ሁለተኛው ቀን እጁን እየተቆጣ ተኮሰ፤ እጅ ግን ቁጣ አይሰማም። ትከሻው ጠቆረ። ጆሮው ጮኸ። ጀሪካኑ እንደ ንጉሥ ተቀምጦ አየው።

መንደሩ ግን የሚሰማው ተኩሱን እንጂ መሳቱን አይደለም። «ኧረ ቁራ አውርድ ብሶበታል!» ይባባላሉ ከታች፣ ማሳ ላይ። «በዚህ ዕድሜው እንዲህ የሚለማመድ ሰው ማን ይችለዋል!» ዝናው በየጥይቱ እያደገ ሄደ። የገደሉ አፍ ከታች ለሚያዩት ከጫፉ በቀር አይታይም። ካቡ ላይ ያለውን ጀሪካን፣ ምንም ሳይነካው ውሎ ምንም ሳይነካው እንደሚያድር፣ ደህና አድርጎ ማየት የሚቻለው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከማዶ።

አንድ ጠዋት ጉሙ ቀስ እያለ ከገደሉ ተነሣ። ደርቤ ነጭ ጋቢውን እንደ ለበሰ ጆንያው ላይ ተዘረጋ። ያን ቀን እጁ የተገራ መሰለው። መስቀሏን ጀሪካኑ ላይ አሳረፋት፤ ብዙም አልተንቀጠቀጠችም። እንደ ምሥጋናው ትንፋሹን ያዘ። ጣቱን ወደ ቃታው ቀስ አድርጎ ሰደዳት።

ጣቱ ሳትደርስ ጀሪካኑ ከካቡ ላይ ብድግ ብሎ ወደቀ።

ድምፁ ቆይቶ ነው ከማዶ የመጣ። ወፍራም፣ አሮጌ፣ የምንሽር ድምፅ። ገደሉ ሁለት ጊዜ ደገመው።

ቢጫው ጀሪካን ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ፣ እየተንኳኳ፣ ታች ድረስ ወረደ። ደርቤ ከጆንያው አልተነሣም። መነጽሩን ቀስ አድርጎ ወደ ማዶ አዞረ። በመስቀሏ ውስጥ ድንጋይ አለፈ፣ ቁጥቋጦ አለፈ፣ ሌላ ድንጋይ አለፈ። ሰው የለም። በመስቀሏ ውስጥ ሰው ማየት የሚችለው እሱ እንዳልሆነ ገባው። ጭንቅላቱን መሬቱ ላይ ለጠፈና ጋቢውን ለማውለቅ ሞከረ፤ ክንዱን ማንሣት ግን ፈራ።

ከታች፣ ከማሳው፣ የአቶ ዋሴ ድምፅ እየጮኸ መጣ።

«መታው! ደርቤ መታው!»

ሴቶቹም ሥራቸውን ጥለው እልል አሉ።